የአዴ ዘሃራ ነጥቦች

አዴ ዘሃራ በሞተች በዘጠነኛው ቀን ከክሊኒኩ መልእክት ገባላት። «ውድ ደንበኛችን ዘሃራ፣ የዓመታዊ ምርመራዎ ጊዜ ደርሷል። ጤናዎ ሀብትዎ ነው» ይላል። ስልኳን የያዘችው ታናሽ እህቷ መልእክቱን አነበበችና ወደ ክሊኒኩ ደወለች፤ ክሊኒኩም የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው ብሎ ወደ እኔ አሻገራት።

«እህቴን ምኗን ልትመረምሩላት ነው?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ከልቧ ማወቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው።

መልእክቱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ለሁሉም ሰው እንዲላክ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ለሥራ ጅጅጋ ከርሜ ስመለስ ሞቷን ሳልሰማ ዘጠኝ ቀን ያለፈኝም እኔው ነኝ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሌላው ይነግረዋል ብሎ ዝም ብሏል። አዴ ዘሃራ ብትሆን ቃል አይጠፋትም ነበር። «ነቢል፣ ይሄ ኮምፒዩተርህ ከመለከል መውት ጋር ተኳርፏል እንዴ?» ትለኝ ነበር፤ ከሞት መልአክ ጋር ማለቷ ነው።

አዴ ዘሃራ በድሬ፣ ከለገሃር ብዙ በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። «አዴ» በእኛ አገር ለታላቅ ሴት የምንሰጠው ማዕረግ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አክብሮት አትቀበልም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነርስ «እርስዎ» ቢላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። ስለዚህ እኔም እዚህ እሷ እያልኩ ብጽፍ ድፍረት አይሁንብኝ፤ አንቱታ የምትወድ ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም አንተ አንቺ በሚባባልበት በድሬ፣ ሰው ሁሉ ይሰጣት ነበር ለማለት አልደፍርም፣ እኔ ግን እሞክር ነበር።

አጭርና ደልደል ያለች ሴት ነበረች። የመነጽሯ አንድ እጀታ ተሰብሮ ቁስል በሚሰፋበት ክር ታስሯል። «ዶክተሩ ራሱ ነው የሰፋልኝ፤ ጠባሳ አይተውም» ትላለች። እስክሪብቶዋ በቀይ ክር ከአንገቷ ይንጠለጠላል። መስኮቷ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ በሦስት አራት ቋንቋ ይጠየቃል፤ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ በሶማልኛ ትቀጥላለች፣ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ሰውየው ሐረሪ ከሆነ ደግሞ የጋራ ዘመድ ሳትፈልግ አትለቀውም። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከኋላ «አዴ፣ ፈጠን በይ አቦ! ተቃጠልን እኮ!» ብሎ የሚጮህ አይጠፋም። እሷም ቀና ብላ «የታመመ ሰው እንዲህ አይጮህም። አንተ ድነሃል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ትለዋለች።

በእያንዳንዱ ካርድ ላይ «የማይስማማው መድኃኒት» የምትል አንዲት መስመር አለች። ብዙ የካርድ ክፍሎች መስመሯን እንደ ጌጥ ነው የሚያዩአት። አዴ ዘሃራ ግን ለዚያች መስመር ሕግ ነበራት። ሰውየው ተጠይቆ «የለም» ካለ ሰረዝ ታሰምራለች። ተጠይቆ «እኔ እንጃ» ካለ ክብ ታደርጋለች። ጭራሽ ያልተጠየቀ ከሆነ፣ ራሱን ስቶ የመጣ እንደሆነ፣ ወይም ጎረቤት ታቅፎት የመጣ ሕፃን እንደሆነ፣ ነጥብ ታስቀምጣለች። መስመሯ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ ካርዱን የሞላው ሰው ረስቷል ማለት ነው፤ «የእኔ ካርድ አይደለም» ብላ ወደ ላከው ሰው ትመልሰዋለች።

ይህን ሁሉ ያወረሳት አባቷ ነው። ባቡሩ በደጉ ዘመኑ ከጅቡቲ ሲመላለስ አባቷ የዕቃ መዝጋቢ ነበር። «ባዶ የመጣ ፉርጎ አለ፤ ያልመጣ ፉርጎ አለ፤ መጥቶ ያልተከፈተ ፉርጎ አለ» ይላት ነበር። «ሦስቱንም 'ዕቃ የለም' ብለሽ ከጻፍሽ አንድ ቀን ያልመጣውን መጥቷል ብለሽ ትምያለሽ።» ሌላም ሕግ ነበረው። ፉርጎውን የጫነ ሰው ፉርጎውን አያረጋግጥም፤ ሌላ ሰው ነው ከፍቶ የሚያየው። ይህችን ሁለተኛዋን ሕግ ስትነግረኝ እንደ ተረት ሰምቼ አለፍኳት።

እኔ ወደ ክሊኒኩ የመጣሁት ያንን ሁሉ ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ላስገባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የማላውቀው ነገር እንዳለ ገና አላወቅሁም ነበር።

በእኛ ሙያ «ኢነም» የምንለው ነገር አለ። ቀድሞ ተቆርጦ የተሰጠ የምርጫ ዝርዝር ማለት ነው፤ ከዝርዝሩ ውጪ መልስ መስጠት አይቻልም። ለመድኃኒቷ መስመር እንዲህ ብዬ ዘረዘርኩ፦ የለም፣ ፔኒሲሊን፣ ሰልፋ፣ ሌላ። በጣም ንጹሕ ሥራ መሰለኝ። ኮምፒዩተሩ ታዲያ እነዚህን ቃላት የሚያስቀምጣቸው በቁጥር ነው፤ ቆጠራውንም ከዜሮ ይጀምራል። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ቃል ዜሮ ነው። ማንም ምንም ያልሞላበት ቦታም ዜሮ ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ማንም ያልጠየቀው ሰው ሁሉ በእኔ ዝርዝር «የለም» ብሎ መለሰ።

ባዶን በባዶነቱ የማስቀመጫ መንገድ መኖሩን አጥቼው አይደለም። «ነል» እንለዋለን፤ እዚህ ገና ምንም አልተቀመጠም ማለት ነው። ነገር ግን ነል አስቸጋሪ እንግዳ ነው። በየደረሰበት «እዚህ ይኖር ይሆን?» እያሉ በር ማንኳኳት ይጠይቃል፤ አንድ በር ከተረሳ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እኔ ደግሞ በዚያ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ በር የማንኳኳት አቅም አልነበረኝም። ነልን ከለከልኩ። ካርዱን የሚያስገቡት ሁለት ጸሐፊዎች «ይህች ነጥብ ምንድን ናት?» ሲሉኝ «ባዶ ናት፣ ዝለሏት» አልኳቸው። «ይሄ ክብስ?» ሲሉኝ «እሱም ያው ባዶ ነው» አልኳቸው። አንድ ሰው በሃያ ዓመት የለየውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቀላቀልኩት።

ሥራው ሲያልቅ የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ዶክተር ሪፖርቱን አይቶ ሊያቅፈኝ ደረሰ። በወረቀቱ ዘመን የካርዶቹ እኩሌታ «ያልተሟላ» እየተባለ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ይወቀስ ነበር። አሁን እያንዳንዱ መስመር ተሞልቷል። ዶክተሩ ሐልዋ አስመጣ፤ «ካርድ ክፍላችን በስንት ዓመት ያልሞላውን ነቢል በሦስት ወር ሞላው» ብሎ ንግግር አደረገ። አዴ ዘሃራም ከሁሉ ጋር አጨበጨበች። የሐልዋ ድርሻዋን ግን እንደ ልማዷ ወደ እኔ ገፋችው። ጣፋጭ አትወድም፤ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነበር የምትጠጣው። እኔም በልቼላት «አላህ ይስጥሽ» አልኳት።

የመጀመሪያዋ ምልክት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ የመጣች የሳቢያን ሰፈር ሴት የታተመላትን ወረቀት አይታ «ልጄን ለማን ዳራችሁት?» ብላ ጠየቀች። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ። በዝርዝሬ ላይ «ያገባ» አንደኛ ስለነበረ ጨቅላው ሳይጠየቅ አግብቷል። ክሊኒኩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ መፍትሔ አበጀሁ፤ «ያላገባ» የሚለውን አንደኛ አደረግሁት። በማግስቱ ዘጠኝ ልጅ የወለዱ አዛውንት ያላገቡ ሆነው አደሩ። አዴ ዘሃራ የሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አየችና መነጽሯን ጠረገች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በእጇ የሮብሌን ካርድ ይዛለች። ሮብሌ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ካርዱ የተከፈተው መኪናው ተገልብጦ ራሱን እንደሳተ ሰዎች ተሸክመው ያመጡት ቀን ነው። በወረቀቱ ላይ፣ በመድኃኒቷ መስመር፣ አንዲት ነጥብ አለች። በእኔ ስክሪን ላይ «የለም» ይላል።

በእስክሪብቶዋ ጫፍ ስክሪኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። «ማን ጠየቀው?»

«ማንም አልጠየቀውም።»

«ታዲያ ይሄን ማን መለሰ?»

«ኮምፒዩተሩ ነው፣ አዴ። ባዶ አይወድም።»

«ባዶ የማይወድ ውሸት ይወዳል» አለች። «እኔ ባዶውን ስንት ዓመት ስጠብቅ ኖሬ አንተ በአንዴ ሞላህብኝ!»

ሳቅሁ። «አብሽሪ አዴ፣ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ይጠየቅና ይስተካከላል።»

«ማን ይጠይቀዋል? ተጠይቋል ይላል እኮ!»

«እናየዋለን» አልኩ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እናየዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ዘሃራ ስክሪኑን ማመን ተወች። መስኮቷ ላይ የደረሰውን ሁሉ እንደ አዲስ ትጠይቅ ጀመር። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ደረሰ። ዶክተሩ በቀን ሁለት ሦስቴ እየመጣ «ዘሃራ፣ ኮምፒዩተር ያስገባነው ሰልፉን ለማሳጠር ነው!» ይላል። እሷም «እሺ» ትላለች፤ ፊቱን ሲያዞር ቀጣዩን ሰው ትጠይቃለች።

አንድ ቀን ሮብሌ ራሱ እግሩ አመርቅዞ እያነከሰ መጣ። ሲስተር ትዕግሥት ስክሪኑን አይታ የፔኒሲሊን መርፌ ስታዘጋጅ አዴ ዘሃራ በሩን በርግዳ ገባች። «ማን ጠየቀው?» ሲስተር መርፌውን እንደያዘች ቆመች። ዶክተሩ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። አዴ ዘሃራ ለማንም ሳትመልስ ሮብሌን በሶማልኛ ትጠይቀው ጀመር፤ መርፌ ተወግተህ ሰውነትህ አብጦ ያውቃል? ኪኒን ውጠህ አሳክኮህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ ያውቃል? ሮብሌ ትንሽ አሰበና «ማያ» አለ። የለም ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ «እኔን የማይስማማኝ ኬላ ብቻ ነው፣ አቦ!» ብሎ ጨመረ፤ ሲስተር ሳይቀር ሳቀች።

ዶክተሩ አልሳቀም። «አየሽ? የለም ይላል፣ የለበትም። ኮምፒዩተሩ ትክክል ነበር።»

«ትክክል ነበር» አለች አዴ ዘሃራ ተረጋግታ። «ግን አያውቅም ነበር።»

ዛሬ ይህን አባባል ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ እነግራለሁ። ያን ቀን ግን የትልቅ ሰው ግትርነት አድርጌ ነው የወሰድኩት። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ወጣች፤ ወጣች ከሚባል አወጧት ቢባል ይቀላል። የግድግዳ ሰዓት ሸለምናት። ሰዓቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ሥራ ስፈታ ነው ሰዓት የምትሰጡኝ?» አለች።

ዶክተሩ የወረቀት ካርዶቹ እንዲወገዱ አዘዘ። በእኛ ከተማ የተወገደ ወረቀት መጨረሻው ቀፊራ ገበያ ነው፤ ኦቾሎኒ ይጠቀለልበታል። አዴ ዘሃራ «የሰው ምስጢር ውስጥ ኦቾሎኒ አይጠቀለልም» ብላ የመጨረሻ ቀኗን ካርዶቹን በጆንያ ስታስከትት ዋለች። ጆንያዎቹን ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት አስቆለፈችና ቁልፉን በቀይ ክሯ ከእስክሪብቶዋ ጎን አስራ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማንም ቁልፉን አልጠየቃትም።

ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ታመምኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ትኩሳቱ የድሬን ሙቀት አስናቀኝ፣ ራሴ በሠራሁት ኮምፒዩተር አጠገብ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ሲስተር ትዕግሥት ስሜን ከፈተች። ካርዴ የልጅነት ካርድ ነው፤ እናቴ በሞተች ዓመት ጎረቤት ታቅፎ አምጥቶኝ የተከፈተ።

«ፔኒሲሊን ልወጋህ ነው» አለችኝ። «የማይስማማህ መድኃኒት የለም፣ አይደል?»

እኔም እንደምንም አንገቴን ቀና አድርጌ ስክሪኑን አየሁና «የለም» አልኩ።

ስለ ገዛ አካሌ የተጠየቅሁትን ከገዛ ፕሮግራሜ አንብቤ መለስኩ። ያንን ቃል እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ መሆኔ ትዝ እንኳ አላለኝም። ተጽፎ ያየሁትን አመንኩ፤ ሰው ሁሉ እንደሚያምነው።

አዴ ዘሃራ መታመሜን ሰምታ ሾርባ በቴርሞስ ይዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን ጠየቀው?» አለች።

«እኔ፣ አሁን ጠየቅሁት እኮ፣ አዴ» አለች ሲስተር።

«እሱማ አነበበልሽ! ሲያነብ አየሁት!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነቢል፣ ማን ነው ያሳደገህ?»

«አክስቴ።»

«ቁጥሯን አምጣ።»

አክስቴ ሐሊማ መልካ ጀብዱ ነው የምትኖረው። ስልክን ስለማታምነው ድምጿ እንዲደርስ ትጮኻለች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማታል። አዴ ዘሃራ በኦሮምኛ ሰላምታውን አደረሰች፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም ጠየቀች፣ ሲስተር መርፌዋን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ያ ረቢ!» አለች አክስቴ። «መርፌ እንዳትወጉት! ልጅ ሆኖ ለዚሁ ለጉሮሮው ተወግቶ ፊቱ እንደ ዳቦ ተነፋ፣ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ተስፋ ቆርጠን ነበር ወላሂ! የሰው ዓይን ነው ብለን ቁርኣን አስቀራንበት፣ አላህ መለሰልን።»

«ምነው ሳትነግሪው ኖርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች አክስቴ።

ሲስተር ትዕግሥት መርፌውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። እኔ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ከሞቱ ይልቅ «የለም» ያልኩበት ቅለት ነው ያስፈራኝ። አዴ ዘሃራ «አላልኩህም?» አላለችም። ቴርሞሷን ከፍታ «በል ሾርባህን ጠጣ» አለችኝ፤ ኩባያውን ወደ አፌ ካስጠጋችው በኋላ ደግሞ መለስ አድርጋ «የበግ ሥጋ ይስማማሃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደዳንኩ ዝርዝሩን አፈረስኩት። በዜሮ ቦታ «አልተጠየቀም» የሚለውን አስቀመጥኩ። ቀጥሎ «ተጠይቆ አላወቀም»፤ «የለም» ሦስተኛ ወርዶ ተራውን ያዘ። ነገር ግን የባሰው ገና ነበር። ተጠይቆ «የለም» ያለውም፣ ማንም ያልጠየቀውም፣ ሁለቱም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያው ዜሮ ሆነው ተቀምጠዋል። እውነተኛውን «የለም» ከውሸተኛው የሚለይ ነገር በማሽኑ ውስጥ አልቀረም። ሁሉንም «አልተጠየቀም» ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ሙሉ የነበረው ሪፖርት በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ክሊኒኬን ባዶ አደረግኸው!»

«ባዶ ነበር፣ ዶክተር። አሁን ታየ እንጂ።» ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ስለመለስኩት መልስና ስለ አክስቴ ነገርኩት። ሲስተር አልነገረችውም ኖሯል። ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለኝ።

አዴ ዘሃራ በማግስቱ መጣች፤ ቁልፉን በአንገቷ፣ የግድግዳ ሰዓቷን በብብቷ ይዛ። ሰዓቱን ከመስኮቷ በላይ ሰቀለችው። አዲሱን ዝርዝር ኮርቼ አሳየኋት፤ አንድ በአንድ አነበበችው።

«የተረሳውስ?» አለች።

«አሁን መርሳት አይቻልም፣ አዴ። ሳይሞሉ ኮምፒዩተሩ አያሳልፍም።»

«ሰው የማይረሳበት ክሊኒክ ሠራህ? ማሻአላህ!»

በዚያው ቀን ነልን ፈቀድኩ። በሩንም ሁሉ እየዞርኩ ማንኳኳት ጀመርኩ።

ከዚያ ጆንያዎቹ ተከፈቱ። ሰረዟን፣ ክቧን፣ ነጥቧን እያነበበች ትነግረኛለች፣ እኔ አስገባለሁ። ነጥብ ላለበት ሰው ሁሉ ትደውላለች። ደወሌ ኬላ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ጋ ትደውላለች፤ ሐርላ መንደር ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ጋ ትደውላለች። ሽማግሌው «ይህን ያህል ዘመን ስኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» ብለው የመድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የጉልበታቸውንም፣ የዓይናቸውንም፣ የአማቻቸውንም ነገሯት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ «መድኃኒት ሁሉ ይስማማቸዋል፤ አማቻቸው ብቻ ነው የማይስማማቸው» አለችኝና ሰረዝ አሰመረች።

ሥራው ከዓመት በላይ ፈጀ። ሊገኝ ያልቻለው ሰው ከሪፖርቱ ወጥቶ ወደ ማኅደር ገባ፤ የተገኘው ተጠየቀ። እሷም ሰዓቷን ግድግዳው ላይ ትታ ሁለተኛውን ጡረታዋን ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሚወጣው ሪፖርት ግርጌ «አልተጠየቀም፦ 1» የሚል ነገር አይ ነበር። አንድ ምን ይሆናል ብዬ ስሙን ከፍቼ አላየሁም።

የእህቷ ስልክ እንደተዘጋ ለቅሶ ሄድኩ። እህቷ በዘጠኝ ቀን ዘግይቼ መምጣቴን አልወቀሰችኝም። «ስኳሩ ነው የወሰዳት» አለችኝ። «አሥራ አምስት ዓመት አብሯት ኖረ። ሐረር ነበር የምትታከመው።» ፊቴን አይታ ደነገጠች። «አታውቁም ነበር እንዴ? ክሊኒክ አይደል እንዴ የምትሠሩት?»

የገፋችልኝ ሐልዋ ሁሉ ታወሰኝ። ያለ ስኳር የጠጣችው ሻይ ታወሰኝ። 

ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ ያችን «1» ከፈትኳት። ዘሃራ ትላለች። ዕቃ ቤት ገብቼ ከጆንያዎቹ ውስጥ የወረቀት ካርዷን ፈለግሁ። ለሠራተኞች ሁሉ ካርድ ይከፈት በተባለ ጊዜ በራሷ እጅ የጻፈችው ነው። ስሟና የስልክ ቁጥሯ አለ፤ ከዚያ በታች ነጥብ ብቻ ነው። የማይስማማት መድኃኒት፣ ነጥብ። የቆየ ሕመም፣ ነጥብ። የቅርብ ተጠሪ፣ ነጥብ። የራሷን ፉርጎ ራሷ ጭና ራሷ ልታረጋግጥ አልፈለገችም። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጠይቃት ድረስ ነጥቦቿን አስቀምጣ ቆየች። በዚያ መስኮት ፊት ስንቶቻችን አለፍን፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የስንቱን ሰው መልስ ስጽፍ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ «አዴ፣ አንቺስ?» አላልኳትም። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መልእክቱ ዳግመኛ እንዳይደርሳት አደረግሁ። ለዚያም የደንበኞችን ሁኔታ የሚይዘውን ዝርዝር ስከፍት «የሚከታተል» እና «ያቋረጠ» ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሁሉ ተምሬ ሰው እንደሚሞት ረስቻለሁ። «ያረፈ» የሚል ጨመርኩበት።

በዚያ ሳምንት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነበር። ዶክተሩ ሪፖርቱን ይዞ መጣና ግርጌው ላይ ቆመ። «ይህችን አንዷን ሙላና ዝጋው። ማን ናት?»

«አዴ ዘሃራ።»

«አላህ ይዘንላት። አሁንማ ሞታለች፤ 'የለም' በለው። ማንን ይጎዳል?»

በጣቴ ስክሪኑን ሁለቴ መታ መታ አደረግሁ። «ማን ጠየቃት?» አልኩት።

ዶክተሩ ቀና ብሎ የግድግዳ ሰዓቷን አየ። የመነጽሯን እጀታ የሰፋላት እሱ ነው፤ ለመስፋት ደግሞ ሰውን በጣም ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። «እኔም አልጠየቅኳትም» አለ፤ ወረቀቱንም እንዳለ ፈረመው።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ሪፖርቱን ገለበጠ፣ ግርጌው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ። «ሁሉም ተሟልቶ ይህች አንዷ ብቻ ለምን ቀረች?» አለ። «ማን ናት እሷ?»

ወንበር ሳብንለትና ነገርነው።